የገመዱ ምርቃት

ሴቶቹ መጀመሪያ የመጡት ለዱዓ ነበር። ይህን ቀድሜ ልናገር፤ ምክንያቱም አሁን ከተማው ውስጥ በቅስቀሳ ችሎታዬ እንዳመጣኋቸው ተደርጎ ይወራል።

ስፖርት ሳይንስ ተምሬ ወደ ከሚሴ ከተመለስኩ በኋላ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሰውነት ማጎልመሻ አስተምራለሁ። ከዚያ ውጭ «ንጋት» የሚባል የሰፈራችን ስፖርት ክለብ በጎ ፈቃደኛ ነኝ። ክለቡ የወንዶች እግር ኳስ ክለብ ነው፤ እኔ ሰውነት አሟሙቃለሁ፣ ወለምታ አስራለሁ፣ ውሃ አታባክኑ እያልኩ እጮኻለሁ። አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ነርስ የሆነችው ጓደኛዬ ሰልሳቢል ሜዳው ዳር ቆማ ስታየኝ ቆየችና፣

«ኢልሃም፣ እነዚህ ልጆች ምን ጎድሏቸው ነው የምታሯሩጫቸው?» አለችኝ። «ግፊትና ስኳር ያለባቸው እናቶች እኔ ጋ ይመጣሉ። ተንቀሳቀሱ እላቸዋለሁ። እሺ ይላሉ። በወሩ ሲመጡ ያው ናቸው። የት ይንቀሳቀሱ? ይሄ ያንቺ ሥራ አይደለም እንዴ?»

ሥራሽ ነው ተብዬ መቀመጥ ደግሞ አልወድም።

በዚያው ሳምንት ከሱብሂ፣ ከንጋቱ ሶላት፣ በኋላ የሴቶች የማለዳ ስፖርት እንደምንጀምር የሚናገር ማስታወቂያ በአማርኛና በኦሮምኛ ጻፍኩና ለሙኒር ሰጠሁት። ሙኒር ባጃጁ ላይ ድምጽ ማጉያ አስሮ የጠፋ ከብትም፣ አዲስ የተከፈተ ሱቅም የሚያስተዋውቅ ልጅ ነው። ኦሮምኛው ላይ «ዱበርቶታ» ብዬ ነበር የጻፍኩት፤ ሴቶች ማለት ነው። ሙኒር ግን የተጻፈለትን አያነብም። አየት ያደርግና በራሱ አፍ ይለፍፋል። «ቅዳሜ ከሱብሂ በኋላ ኳስ ሜዳ ዱበርቲ አለ! ዱበርቲ አለ!» እያለ ከተማውን ዞረው። በሌላ አገር ቃሉ ሴት ማለት ብቻ ይሆናል። እኛ ጋ ግን ዱበርቲ አለ ከተባለ እናቶች ተሰብስበው ዱዓ ያደርጋሉ ማለት ነው።

ቅዳሜ ፊሽካዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ስደርስ ሜዳው መሀል ሰሌን ተነጥፏል። እናቶች መቁጠሪያቸውን፣ ተስቢህ ይዘው ተደርድረው ተቀምጠዋል። አንዷ ጫቷን በቅጠል ጠቅልላ ጉያዋ ውስጥ ሸጉጣለች። ከመሀላቸው ትልቋ፣ በሰፈራችን ዱዓ ሲኖር የምትመርቀው እትዬ ረቢአ፣ ፊሽካውን አየችው፤ ከዚያ እኔን።

«አከም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ የኔ ልጅ። ዱዓው ለምንድን ነው? ለዝናብ ነው?»

«ለጤና ነው» አልኩ። ውሸት አልነበረም።

«አሚን» አሉ ሁሉም።

«እንግዲህ ተነሡ። ሰሌኑን አጣጥፉት።»

ተሳሳቁ። ተነሥተው ሊሄዱ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አንዳንዶቹም ሄዱ። የቀሩት ግን ክንዳቸውን እንዳሳየኋቸው አነሡ፣ አወረዱ፣ ወገባቸውን አዞሩ። እትዬ ረቢአ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ «ይሄማ ለሶላት ከምንጎነበሰው አይከብድም» አለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጎረቤቶቻቸውን ይዘው ተመለሱ፤ ብዙ ሳይቆይ በየማለዳው መገናኘት ጀመርን።

ሁሉም ለጨዋታ ነበር የሚመጡት፤ ከዘሃራ በቀር። ዘሃራ ገበያ ውስጥ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። ከጠዋት እስከ ማታ ከጆንያዎቿ ጀርባ ትቀመጣለች፤ ምሳዋንም እዚያው ነው የምትበላው። ስኳር አለባት፣ ግፊትም አለባት። ሰልሳቢል በየቀኑ ተራመጂ ካለቻት ቆይቷል። እጅግ ዝምተኛ ናት፤ ለምን አንድም ቀን እንደማትቀር እኔው ጠየቅኋት።

«እናቴን ስኳር መጀመሪያ እግሯን ወሰደባት» አለችኝ። «ከዚያ እሷን። እኔ እግሬን እፈልገዋለሁ።»

ጫማዋን አየሁ፤ ስስ የፕላስቲክ ጫማ ነበር። «ስኳር ያለበት ሰው በዚህ አይራመድም፤ የሚዘጋ ሸራ ጫማ ግዢ» አልኳት። በማግስቱ ሸራ ጫማ አድርጋ መጣች።

ችግሩ ሜዳው ነበር። ከሚሴ ፀሐይዋ ከፍ ካለች ሜዳ ላይ ሰው አታቆምም፤ ስለዚህ ሁሉም ቡድን የሚፈልገው ያችኑ ከሱብሂ በኋላ ያለችውን ቀዝቃዛ ሰዓት ነው። ክለቡ ሰዓቷን ለእኛ የሰጠን ለጊዜው ነበር። ልጆቹ ልምምድ ሲጀምሩ ውጡ ተባልን። የክለቡ ሊቀመንበር ጋሽ አብዱልጀባር ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን እግር ኳስ ካልሆነ ስፖርት አይመስላቸውም።

«መራመድ ነው አይደል የምትፈልጉት?» አሉኝ። «መንገዱ ሞልቶ።»

እውነት አላቸው ብዬ አሰብኩ። ሴቶቹን ይዤ አስፓልት ዳር ወጣሁ፤ ወደ ደሴ በሚወስደው አቅጣጫ ፈጠን ብለን እንራመድ ጀመር። ማንም እንዳያወራ አዘዝኩ፤ ያወራ ሰው ቀስ ይላልና። አንገታችንን አቀርቅረን፣ በነጠላና በጥቁር ሂጃብ ተሸፋፍነን፣ በዝምታ እንገሰግሳለን።

መጀመሪያ ያየን አንድ ባለ ሱቅ ነው። ሊከፍት የነበረውን በር መልሶ ቆለፈና ከኋላችን ገባ። ከዚያ ሁለት ሽማግሌዎች በትራቸውን ይዘው ተከተሉ። አንድ የሚኒባስ ረዳት ሙዚቃውን አስጠፋ። ዞር ስል ከኋላችን የወንድ ሰልፍ ተሠርቷል፤ ሁሉም ፊታቸው ከብዷል። ባለ ሱቁ ተንደርድሮ ደረሰብንና ድምጹን ዝቅ አድርጎ ዘሃራን ጠየቃት።

«ኢናሊላህ። ማን ነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም» አለች ዘሃራ፣ ርምጃዋን ሳትቀንስ። «እኔ እንዳልሞት ነው።»

በከሚሴ ሴቶች ማለዳ በቡድን ተሰብስበው ከተጣደፉ ቀብር አለ ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም። በማግስቱ ሞከርን፣ በሦስተኛውም ቀን። ሰው ባይከተለንም ያስቆመናል። ወዴት ነው? ማን ታሞ ነው? እናትሽ ደህና ናቸው? ቤቱ? ከብቱ? ልጆቹ? ሰላምታ ሳይመልሱ ማለፍ ደግሞ ለእነሱ ከበሽታው ይከፋል። ዘሃራ አንዱን መንገድ ለመሄድ ከምትራመደው ይልቅ ቆማ አልሀምዱሊላህ የምትልበት ጊዜ በለጠ። አንዳንዶቹ ማፈር ጀመሩና ቀሩ።

ወደ ጋሽ አብዱልጀባር ተመለስኩ።

«መንገዱ አልሆነም» አልኳቸው። «ሰዓቷን ይመልሱልን።»

«ልጆቹስ?»

«ልጆቹ ከሰዓት በኋላ ጥላ ሲሆን ይጫወቱ። በየትኛውም ጎዳና ቢሮጡ ማን ሞተ የሚላቸው የለም።»

ሳቁ። ግን እሺ አላሉም። ጺማቸውን እያሻሹ አሰቡና፣ በቅርቡ ከዞኑ ወረዳዎች የሚመጡ ክለቦች የሚገናኙበት የማስ ስፖርት ውድድር እንዳለ ነገሩኝ። ክለቡ ሴት አሰልፍ ተብሏል፤ ሴት ቡድን የለውም።

«ገመድ ጉተታ አለ» አሉ። «ለእናቶች ይሆናል። ዋንጫ የሚያመጣ ቡድን በእኔ ክለብ ሰዓት አጥቶ አያውቅም። ካመጣችሁ ያቺ ሰዓት የእናንተ ናት፤ ማንም አይነካባችሁም። ካላመጣችሁ ግን ለልጆቹ ናት፤ ሁለተኛ አትጠይቂኝ። እስከዚያው ልምምድ አድርጉባት።»

ለሴቶቹ ስነግራቸው እትዬ ረቢአ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«ገመዱን የምንጎትተው ከማን ጋር ነው?»

«ከሌሎች ሴቶች ጋር።»

«እኔ ከጉድጓድ ውሃ ስስብ ነው የኖርኩት» አለች። «ይሄኛው ደግሞ ሰው አለበት። ጥሩ ነው፤ የሚያዋራ አይጠፋም።»

ሰልሳቢል መሣሪያዋን ይዛ መጥታ የሁሉንም ግፊት ለካች። ሁለቱን ከለከለቻቸው፤ ዳር ሆነው እንዲራመዱ ብቻ ፈቀደች። ዘሃራ ተራዋ ሲደርስ እጇን ዘርግታ ፊቷን አዞረች።

«ወርዷል» አለቻት ሰልሳቢል። «ስኳርሽም ባለፈው ጥሩ ነበር። መሳብ ትችያለሽ። ትንፋሽሽን ግን አትያዢ፤ ስትጎትቺ አውጪው።»

ዘሃራ ሰውነቷ ከባድ ስለሆነ መጨረሻ ላይ አቆምኳት፤ የገመዱን ጫፍ በጀርባዋ አዙራ የምትይዘው እሷ ሆነች። ገመዱን የሚስቡትን ስምንቱንም ሴቶች ተረከዝ መትከል፣ ወደ ኋላ መተኛት፣ ክንድ ሳይሆን እግር መጠቀም አስተማርኳቸው። ይህን ሁሉ በአንድ ጠዋት ያዙ። ያልያዙት መቁጠሩን ነው።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ስል ግማሾቹ ሦስት ላይ ይስባሉ፣ ግማሾቹ ከሦስት በኋላ። በኦሮምኛ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» ስል ደግሞ ያው ጸብ ይነሣል።

«ሰዲ ሲባል ነው ወይስ ሰዲ ካለቀ በኋላ?» ትላለች አንዷ።

«ሲባል።»

«ታዲያ ሲባል ብዬ ስስብ ይቺ ገና ቆማ ታየኛለች።»

«እኔ አንቺ እስክትጨርሺ እየጠበቅሁሽ ነው። ጨዋ ሰው ነኝ።»

በፊሽካ ሞከርኩ። ፊሽካ ሲነፋ ይደነግጣሉ፣ ከዚያ ይስቃሉ፣ ከዚያ ይስባሉ። የገመዱን ሌላ ጫፍ የኳስ ቡድኑ ልጆች ያዙት፤ ገና ጢም ያላወጡ ልጆች እናቶቻችንን እየጎተቱ ሜዳውን አስጨረሷቸው። «ጃባዹ፣ በርቺ እማማ!» እያሉ ያሾፋሉ። ተናደድኩ። በስምንት ሰው ጉልበትና በስምንት ሰው አብሮ መሳብ መካከል ያለውን ልዩነት በመሬት ላይ ሥዬ አስረዳኋቸው። በትህትና ሰሙኝ፤ ምንም አልተለወጠም።

የተለወጠው ልምምድ ልንጨርስ ስንል ነው። እትዬ ረቢአ ሁልጊዜ መርቃ ነው የምታሰናብተን። የዚያን ቀን ገመዱ ገና በእጃቸው ነበር፤ ሌላኛውን ጫፍ እኔ እየጠቀለልኩ ነበር።

«አላህ ጤናውን ይስጠን» አለች።

«አሚን!»

ገመዱ በአንድ ጊዜ ተወጥሮ በፊቴ ደፋኝ። እጄ ተላጠ። አፌ ውስጥ አፈር ይዤ ቀና ስል ሁሉም ደንግጠው ያዩኛል። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ሲመረቁ ኖረዋል። «አሚን» የሚሉበትን ቅጽበት ማንም አይቆጥርላቸውም፤ ምርቃቱ የት ላይ እንደሚያርፍ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጆሯቸው ያውቀዋል። «አሚን» ሲሉ ደግሞ ገላቸው ሁሉ አብሮ ዝቅ ይላል። የአገሬ ሴቶች አብረው የሚያደርጉት ነገር ፊቴ ላይ ተቀምጦ እኔ ፊሽካ ስነፋ ከርሜያለሁ።

«ድገሚው እትዬ» አልኩ፣ አፈሩን ሳልተፋ። «ልጆች፣ ገመዱን ያዙ።»

«ዕድሜውን ይስጠን።»

«አሚን!»

«ከክፉ ይሰውረን።»

«አሚን!»

ልጆቹ በሆዳቸው እየተንሸራተቱ መጡ። ከዚያ ወዲያ ማንም እማማ ብሎ አላሾፈም።

ጋሽ አብዱልጀባር ወሬው ደርሷቸው አንድ ማለዳ መጡና ቆመው አዩ። ፊታቸው ጨፈገገ።

«ረቢአ፣ ምርቃት መጫወቻ ሆነ እንዴ?»

«አንተ ጠዋት ሱቅህን ስትከፍት ቢስሚላህ ትላለህ አይደል?» አለቻቸው፣ ገመዱን ሳትለቅ። «በሩን ለመክፈት ነው የምትለው። በር መክፈት ሶላት ነው? እኛም ጉልበት ስጠን ነው ያልነው፤ የሚያስፈልገን አሁን ነው። ስንተኛ ምን ያደርግልናል?»

ዞረው ሄዱ። ግን ሲሄዱ «አሚን» ማለታቸውን ሰልሳቢል ሰምቻለሁ ትላለች።

የውድድሩ ቀን ሜዳው ዙሪያውን በሰው ተሞላ። ድንኳን ተጥሎ፣ ድምጽ ማጉያ ተተክሎ፣ ከየወረዳው የመጡ ሚኒባሶች አጥሩ ጥግ ተደርድረዋል። የእኔ ቡድን ረጅም ቀሚስ፣ በቀሚሱ ሥር ሱሪ፣ ሂጃቡን ከኋላ አስሮ፣ ሸራ ጫማ አድርጎ ተሰለፈ። የመጀመሪያው ተጋጣሚያችን የቢሮ ሠራተኞች ቡድን ነበር። አንድ ዓይነት ቱታ ለብሰዋል፤ ያማረባቸው ነበሩ። እትዬ ረቢአ ሁለት ጊዜ ሳትመርቅ አለቀ። ሁለተኛውን ቡድንም እንዲሁ አለፍን። ከገበያ የመጡ ነጋዴዎች ዘሃራን በስሟ እየጠሩ ይጮኹ ጀመር።

ፍጻሜው ከጨፋ ሮቢት ቡድን ጋር ሆነ። የሸለቆው ሴቶች ናቸው፤ ማሽላ ያጭዳሉ፣ ጆንያ ይሸከማሉ፣ ግትር በሬ በቀንዱ ይመልሳሉ። ከእኛ ያነሱ ወጣቶች ናቸው። አለቃቸው አፍናን የምትባል ትከሻ ሰፊ ሴት ናት፤ ከፊት ቆማ እናቶቻችንን አንድ በአንድ እያየች ፈገግ አለች።

«እማማ፣ ወገባችሁን አደራ» አለች።

«የኔ ወገብ ስንት ልጅ ተሸክሟል» አለች እትዬ ረቢአ። «አንቺ ገመዱን አደራ።»

ከመጀመራችን በፊት የእነሱ አሠልጣኝ ዳኛውን ጠራውና ወደ እኛ እያመለከተ አወራው። ዳኛው ወደ እኔ መጣ።

«ከቡድኑ ውስጥ ሆኖ ትእዛዝ መስጠት አይፈቀድም። ሕጉ ላይ አለ። ማዘዝ የምትችይው አሠልጣኟ ብቻ ነሽ።»

«እስካሁን ፈቅደህ?»

«እስካሁን ማንም አላመለከተም።»

ሕጉን አውቀዋለሁ፤ ትክክል ነበር። ስለዚህ አልተከራከርኩም። ቆጥሬ አሸንፋለሁ ብዬ ቆምኩ። «ሦስት ሲባል ነው፣ ሲባል!» አልኳቸው። ዳኛው ምልክት ሰጠ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አልኩ። ግማሾቹ ሳቡ፣ ግማሾቹ ጠበቁ፣ ሮቢቶች ግን ስምንቱም እንደ አንድ ሰው ተነሡ። ገመዱ መሀል ላይ የታሰረው ቀይ ጨርቅ እየተጎተተ ሄደ። ዘሃራ ተረከዟ አፈሩን እየቀደደ ከኋላ መጣች። የመጀመሪያው ዙር አለቀ። ሁለቱን ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል፤ እነሱ አንዱን ይዘዋል።

ዘሃራ መዳፏን አየችው። ቀልቷል። ቀና ብላ ጋሽ አብዱልጀባር ከልጆቹ ቡድን ጋር የተቀመጡበትን ጥላ ተመለከተች።

እትዬ ረቢአ ጠራችኝ።

«መርቂን።»

«ማ፣ እኔ?»

«ሰውየው አንቺ ብቻ ተናገሪ አለ አይደል? እንግዲህ መርቂና።»

«እትዬ፣ ነውር ነው። እኔ እናንተን?»

ነውር ነው ያልኩት ለወጉ አይደለም። እኛ ጋ ትልቅ ትንሹን ይመርቃል፤ ትንሽ እጁን ዘርግቶ ይቀበላል። ያላገባሁ፣ ያልወለድኩ ሴት ልጅ ተነሥቼ እናቶችን ልመርቅ ማለት ውሃን ወደ ላይ ፍሰስ እንደማለት ነው። ደግሞ እኔ ምርቃት አልችልም። እቤታችን ሲመረቅ እንኳ መቼ ነው የሚያልቀው ብዬ ሰዓቴን የማይ ሰው ነኝ።

«ነውሩን እኔ ፈቅጄልሻለሁ» አለች። «በእኔ ይሁን። አጭር አድርጊው እንጂ፤ አንቺ እንደሆነ ረጅም አትወጂም።»

ዳኛው ገመዱን አስተካከለ። ምልክቱን ሰጠ። ሰው ሁሉ ያየኛል። በልጅነቴ የሰማሁትን የመጀመሪያውን ያዝኩ።

«ዕድሜ ይስጣችሁ!»

ገመዱን እንደያዙ ዞረው አዩኝ። ልጅ ሲመርቃቸው ሰምተው አያውቁም። ከዚያ እትዬ ረቢአ ቀደመች።

«አሚን!»

ስምንቱም በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ተኙ። ጨርቁ ወደ እኛ ተንቀሳቀሰ።

«ጤና ይስጣችሁ!»

«አሚን!»

«ከክፉ ይሰውራችሁ!»

«አሚን!»

የማውቃቸው እነዚህ ብቻ ነበሩ፤ ለሁለተኛው ዙር ግን በቁ። ሮቢቶች ተንበርክከው ቀሩ። ሜዳው ዙሪያ ያለው ሰው ነገሩ ገብቶት ማጨብጨቡን ትቶ ጆሮውን አቆመ።

በሦስተኛው ዙር አፍናን ፈገግታዋን ትታለች። ሁለቱም ወገን ተረከዙን ተከለ። ዕድሜን ጨረስኩ፣ ጤናን ጨረስኩ፣ ክፉውን ጨረስኩ። ጨርቁ አንድ ስንዝር ወደ እኛ ይመጣል፣ አንድ ስንዝር ይመለሳል። ሴቶቹ ትንፋሻቸውን እያወጡ ይጠብቁኛል፤ ከአፌ የሚወጣ የለም። ሮቢቶች የእኛን ዝምታ አዩና ሳቡ። ጨርቁ ሄደ። ሰልሳቢል ከዳር «ኢልሃም!» አለች። እሷን ሳይ ግፊት መለኪያዋን አየሁ።

«ግፊታችሁ ይውረድ!» አልኩ።

«አሚን!»

ጨርቁ ቆመ። ከዳር የሆነ ሰው ሳቀ። አልሰማሁትም።

«ስኳራችሁ ይስተካከል!»

«አሚን!»

«ጉልበታችሁ አይመማችሁ!»

«አሚን!»

«ወገባችሁ አይሰበር!»

«አሚን!»

አሁን የሚሉት ስምንቱ ብቻ አልነበሩም። ሰልሳቢል የከለከለቻቸው ሁለቱ ሴቶች ከዳር ይላሉ፣ ባለ ሱቁ ይላል፣ የቅመም ነጋዴዎቹ ይላሉ። ዳኛው ሕዝብን የሚከለክል ሕግ አልነበረውም። ጨርቁ ወደ መስመራችን ተጠጋ፤ ግን እዚያ ደርሶ ተጣበቀ። ዘሃራ መጨረሻ ላይ ከመሬት ጋር ልትገጣጠም ምንም አልቀራትም። ፊቷ በላብ ርሷል፤ ሸራ ጫማዋ እስከ ማሰሪያው አፈር ውስጥ ገብቷል። ዓይኗን ገልጣ እኔን አየችኝ።

«ስኳሩ የዘሃራን እግር አይንካው!» አልኩ፤ ድምጼ ከየት እንደወጣ አላውቅም።

«አሚን!»

ይህን የሰማው ጤና ጣቢያ ድረስ ያለ ሰው ይመስለኛል። ገመዱ አብሮ መጣ፣ አፍናንም አብራ መጣች፣ ሮቢቶች አንዷ በአንዷ ላይ ወደቁ፣ የእኛዎቹም ወደ ኋላ ተደርድረው ወደቁ። ቀዩ ጨርቅ ከመስመሩ አልፎ እትዬ ረቢአ ጉልበት ላይ ነበር።

ዘሃራ ተንጋልላ ሰማዩን እያየች ቀረች። ሮጬ ደረስኩ።

«ደህና ነሽ?»

«እግሬ የት አለ?» አለች።

«አፈር ውስጥ።»

«አለ ማለት ነው» ብላ ሳቀች። ዘሃራን ስትስቅ የሰማኋት ያኔ ነው፤ ድምጿ ወፍራም ነው፤ ሜዳውን ሁሉ አሳቀ።

ዋንጫውን እትዬ ረቢአ ተቀብላ ለጋሽ አብዱልጀባር ወሰደችላቸው። እሳቸው ለመያዝ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፤ እሷ ግን አልለቀቀችውም።

«ሰዓቷስ?»

«የእናንተ ናት ብያለሁ፤ የእናንተ ናት። በሕዝብ ፊት እናገራለሁ።»

«ተናገር።»

ድምጽ ማጉያውን ተቀብለው ተናገሩ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከሱብሂ በኋላ ያለችው ሰዓት የንጋት ክለብ ሴቶች ናት አሉ። ልጆቹ አጉረመረሙ፤ አሰልጣኛቸው ግን እናቱ ከስምንቱ አንዷ ስለነበረች ዝም አሰኛቸው። እትዬ ረቢአ ዋንጫውን ለቀቀች።

«እሁድስ?» አለች።

«እሁድ ምን ትሠሪያለሽ ረቢአ?»

«እሁድም እግር አለን።»

እሁድንም ጨመሩ።

ገመዱን እየጠቀለልኩ ሳለ አፍናን ቀሚሷን እያራገፈች መጣች። ከእሷ ጋር ሁለት የሮቢት ሴቶች አሉ። እኔ ስለ ሕጉ ልትከራከር መስሎኝ መልስ አዘጋጀሁ።

«አሠልጣኛችን በክረምት አይመጣም» አለች። «እኛም ጋ ስኳር ያለባቸው አሉ። እናቴ አለባት። ሜዳችን ላይ ከብት ነው የሚውለው፤ ማለዳ ግን ባዶ ነው።»

«እናትሽ ትራመዳለች?»

«የት ትራመድ? ስትራመድ ማን ሞተ ይሏታል።»

ሳቄ መጣ፤ ለማስረዳት ግን ጊዜ አልነበረኝም፤ ሚኒባሳቸው ጡሩምባ እየነፋ ነበር።

«ሐሙስ የእኛዎቹን ለእትዬ ረቢአ ትቼ ከሱብሂ በኋላ እመጣለሁ» አልኳት። «ከብቱን ቀድማችሁ አስወጡ። የሚዘጋ ጫማ አድርጉ። እናትሽ ቁርስ ሳትበላ እንዳትመጣ። አንድ ሰው ቢዘገይ አልጠብቅም።»

«ስንት ሆነን እንምጣ?»

«የቻላችሁትን ሁሉ» አልኩ። «ለሙኒርም እነግረዋለሁ፤ በራሱ አፍ ያስተዋውቅላችሁ።»